የሞተ አይናገርም

ፌናን ሆርዶፋ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ሰው ትገድላለች። ጎሮ ካለው ቤታቸው ሳትወጣ፣ አልጋዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ እስከ አሥር ሰው ትጨርሳለች። እሁድ ጠዋት ሟቾቹ ሁሉ ተነስተው ቁርሳቸውን ይበላሉ፤ ደግሞ ለሚመጣው ቅዳሜ ቦታ ያዢልን ይሏታል።

ጨዋታው ማፊያ ነው። ስምንት የሚሆኑ ጓደኛሞች በቴሌግራም የድምፅ ጥሪ ይሰበሰባሉ፤ አጫዋቿ ፌናን ናት። ከመሃላቸው ሁለቱን በድብቅ ማፊያ አድርጋ ትሾማለች። «መሸ» ስትል ሁሉም ማይኩን ዘግቶ ዝም ይላል፤ ማፊያዎቹ የሚገድሉትን ሰው ስም ለእሷ ብቻ ይልኩላታል። «ነጋ» ስትል የሟቹን ስም ግሩፑ ላይ ትለጥፋለች። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ነው፤ ገዳዩ አንተ ነህ፣ የለም አንቺ ነሽ፣ ዛሬ ዝምታሽ አላማረኝም፣ ወዘተ።

ማፊያ የሚያጫውት ሰውማ ሞልቷል። የፌናንን ቅዳሜ ተናፋቂ ያደረገው የሞት ማስታወቂያዋ ነው። ሌላው አጫዋች «እንትና ሞተ» ብሎ ያልፋል። እሷ ግን ሟቾቿን በዕድር ቋንቋ ነው የምትሸኛቸው፣ ከነክብራቸው፣ ከነአባታቸው ስም። ወሎ ሰፈር የምትኖረው የክፍል ጓደኛዋ ሄኒ «እንዲህ አሳምረሽ የምትጽፊልኝ ከሆነማ በየሳምንቱ ልሙት» ብላታለች።

ይህን ቋንቋ ከሜዳ አላገኘችውም። እናቷ ደሪቱ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ሆና ከተመረጠች አራት ወሯ ነው። በዚያ ዕድር ሴት ጸሐፊ ታይቶ አይታወቅም ነበርና በምርጫው ቀን ከኋላ ወንበር «እስቲ እናያለን» ያሉ ነበሩ። ደሪቱ ሱቅ አላት፤ ሒሳብ በአፏ ታወርዳለች፣ የተጣላ ታስታርቃለች፣ ሰው አትፈራም። የስልክ ላይ ፊደል ግን አልገራላት አለ። አንዲት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል፤ እሱም ተንጋዶ ይወጣል። በተመረጠች በሦስተኛው ቀን ፌናንን ጓዳ ጠርታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «አንቺ ጻፊልኝ፤ ለማንም እንዳትነግሪ» አለቻት።

እነሆ ከዚያን ቀን ወዲህ የዕድሩ ግሩፕ ያለው ፌናን ስልክ ላይ ነው። የምትጽፈው ነገር በራሷ ስም ሳይሆን በዕድሩ ስም ስለሚወጣ ማንም አላወቀም። በአራት ወር ውስጥ ዘጠኝ እውነተኛ ሞት ጽፋለች። «ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለየን» የሚለውን ጣቷ ሳታየው ይጽፈዋል። ሰውም «ጸሐፊያችን ብዕሯ ይባረክ» ማለት ጀመረ፤ ደሪቱ ስትመሰገን አንገቷን ትደፋለች፣ ፌናን ደግሞ ከጀርባዋ ቆማ ትኩራራለች።

ኩራት ደግሞ ያጫውታል። አንድ ቀን ለሳቅ ብላ የጨዋታውን ግሩፕ ምስል የዕድሩን ድንኳን አደረገችው። እናም ስልኳ ላይ ሁለቱ ግሩፖች ተደራርበው ተቀመጡ፤ ከላይ ድንኳን፣ ከታች ድንኳን።

በዚያች ቅዳሜ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አዲስ ሕግ ወጣ። ምክንያቱ ዱባለ ማሞ ነው። ዱባለ ከእነፌናን ቤት ሦስት በር አልፎ ያለው ቤት ልጅ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ለዩኒቨርሲቲ ሐዋሳ ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሞተ በኋላ ለሱሌማን በድብቅ መልእክት ልኮ ገዳዩን አጋልጧል። ሱሌማን የላምበረት ልጅ ነው፤ ምስጢር ሲይዝ ድምፁ ይቀጥናል፤ ወዲያው ተነቃበት።

«ዛሬ የሞተ አይናገርም» አለች ፌናን። «የሞተ ሰው ስልኩን ጥርቅም አድርጎ ያጠፋል። ሁለተኛው ዙር የሚጀመረው ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ይከፍታል። ዱባለ፣ በማርያም በል።»

ዱባለ እየሳቀ በማርያም አለ።

መሸ። ማፊያዎቹ ተማከሩ፤ የሟቹ ስም ለፌናን ደረሳት። ዱባለ ነበር። ፈገግ አለች፤ ጣቷ ጻፈ፦

«ውድ የዕድራችን አባላት፣ ወጣት ዱባለ ማሞ ባልታወቁ ሰዎች በደረሰበት ጥቃት ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለየን፣ አባላት በተለመደው ሥርዓት ለለቅሶ እንድትዘጋጁ በታላቅ ሐዘን እናሳውቃለን።»

ላከችው። «ነጋ» አለች።

ሄኒ ሟቹ የታለ ብላ ጠየቀች። ፌናን ለጥፌያለሁ፣ ኔትወርካችሁ ነው አለች፤ እነሱም አልመጣም አሉ። ክርክሩ ሲረዝም ሰለቻትና በአፏ ነገረቻቸው፤ ዱባለ ነው የሞተው። ዱባለ በመጀመሪያው ዙር መሞት ግፍ ነው፣ ገና መቀመጫዬን እንኳ አላሞቅኩም ብሎ አጉረመረመ፤ ከዚያ «በሉ ቻው፣ ሁለት ሰዓት ላይ ትንሣኤ» ብሎ ስልኩን አጠፋ።

ጨዋታው ቀጠለ። ስልኳ እጇ ላይ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። ከላይ «ነፍስ ይማር» የሚል ብልጭ አለ፤ ጓደኞቿ እየቀለዱ መስሏት ሳቀች። ሌላ መጣ፤ «እግዚአብሔር ያጥናን»። ሌላ፣ «ዋይ ልጄን»። አራተኛው ላይ የላኪውን ስም አየች።

ጋሽ ኃይለሚካኤል። የዕድሩ ሊቀመንበር።

ግሩፑን ከፈተችው፤ ድንኳን ነው፤ ግን ሌላኛው ድንኳን። ማስታወቂያውን አርባ ሦስት ሰው አይቶታል።

ሰረዘችው። ጠበቀች።

ማጥፋቷ ነገሩን አባሰው። አንዱ አባል ወዲያው ጻፈ፤ ጸሐፊያችን ጥሩ አድርገሻል፣ ለካ እናቱ ገና አልተረዳችም፣ ሁላችሁም አደራ ዝም በሉ። ፌናን «ይቅርታ፣ በስህተት የተላከ ነው፤ ዱባለ ደህና ነው» ብላ ጻፈች። «ገብቶናል» አለ ሌላው። «ልክ ነው፣ ስህተት ነው በሉ፣ እንዳትሰማ።» ሦስተኛው ሰው ደግሞ የጸሐፊዋን ብልሃት አደነቀ። ከዚያ ጋሽ ኃይለሚካኤል ግሩፑ ላይ ምንም እንዳይጻፍ ብለው ዘጉት።

በዚያ ሰፈር የሞት ወሬ ሲመጣ ሰው ወጉን ያውቃል። ጩኸት የለም። ሁሉም ይሰማል፣ ባለሐዘኗ ብቻ አትሰማም። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፣ አብረው ይሄዱና ተቀመጪ ብለው ያረዷታል። እስከዚያው መንደሩ በሙሉ አንድ አፍ ሆኖ ይዘጋል። ያን የተዘጋ አፍ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንዴት ብላ ትክፈተው?

ባለሐዘኗ ማለት የዱባለ እናት እትዬ አሰገደች ናቸው። ባላቸው ጋሽ ማሞ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ከዱባለ ሌላ ልጅ የላቸውም። ወሎ ሰፈር አንድ ሆቴል አንሶላ ያጥባሉ። የደም ግፊት አለባቸው፤ የመድኃኒታቸውን ሰዓት በስልኳ ቀጥራ የምታስታውሳቸው ራሷ ፌናን ናት። የጋሽ ማሞን ሞት የተረዱ ዕለት እትዬ አሰገደች ወድቀው ሦስት ቀን ሐኪም ቤት መተኛታቸውን ሰፈሩ ያስታውሳል።

ፌናን ዱባለ ጋ ደወለች። ያቺ የስልክ ሴትዮ በተረጋጋ ድምፅ ስልኩ ዝግ ነው አለቻት። ደግማ ደወለች። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት፤ በማርያም ያስማለችው ራሷ ናት። ሰዓቱ ከአንድ ተኩል አለፍ ብሏል። ለጓደኞቿ የሆነውን ነገረቻቸው። ሄኒ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስትሰማ ሳቀች፤ ሁለተኛውን ስትሰማ «እናቱስ?» አለች።

«ጥሪውን እንዳትዘጉት» አለቻቸው ፌናን። «ሲገባ የሆነውን አትንገሩት። ብቻ አናግሩት።»

እናቷ ጋ ደወለች። ደሪቱ ለሱቋ ከደብረ ብርሃን የመጣ ብርድ ልብስ ልትቀበል ላምበረት ሄዳ ነበር፤ አሁን ሚኒባስ ውስጥ ናት፣ ረዳቱ ሲጮህ ይሰማል። ስልኩን ያነሳችው በለቅሶ ድምፅ ነው። ጋሽ ኃይለሚካኤል ደውለውላት ነበር።

«እና ምን አልሻቸው?» አለች ፌናን።

«ምን እላቸዋለሁ? የተለጠፈው እውነት ነው ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኳቸው። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ የራሴን ማስታወቂያ አላውቀውም ልበላቸው? አንቺ ከማን ሰማሽ ግን? ሲነግሩሽ ለምን አልደወልሽልኝም?»

ፌናን ነገረቻት። ከወዲያኛው ጫፍ ረዳቱ «ወራጅ አለ» ሲል ተሰማ።

«ስልኬ ሊዘጋ ነው፤ ለጋሽ ኃይለሚካኤል ስደርስ እነግራቸዋለሁ፤ አንቺ ሂጂና አሰገደች ጋ ግቢ» አለች ደሪቱ። «እስክደርስ ድረስ ማንም እንዳይነግራት። እንዴት እንደምታደርጊ አላውቅም። አድርጊው።»

ፌናን በነጠላ ጫማ ሮጣ ወጣች። ጋሽ ኃይለሚካኤል በር ላይ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አንዲት ፒክአፕ ከዕድሩ መጋዘን አግዳሚ ወንበር ጭና መጥታለች። ለለቅሶ የጎሮ ሰው አይታማም፤ ለውሃ ቧንቧ ሦስት ወር የሚፈጅበት ኮሚቴ ለሞት ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።

ዱባለ አልሞተም፣ ጨዋታ ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ አለቻቸው። ጋሽ ኃይለሚካኤል ራሷን ደባበሷት። እጃቸው ሞቃት ነበር፤ ይኼ ነው የባሰ ያስፈራት።

«አብራችሁ ነው ያደጋችሁት» አሉ። «ሰው መጀመሪያ ሲሞትበት እንዲህ ነው፤ አላምን ይላል። እናትሽ አረጋግጣልኛለች። ስልኩም ዝግ ነው፤ አምስት ጊዜ ደወልኩ።»

«ስልኩ የተዘጋው ስለሞተ ነው» አለች ፌናን፤ ወዲያው ምላሷን ነከሰች። «ማለቴ፣ በጨዋታው።»

አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲቃ ያዛቸው። ጋሽ ኃይለሚካኤል ወደ ሰዎቹ ዞሩ። ድሮ ቢሆን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናረዳት ነበር፣ ዘመኑ ግን የስልክ ነው፣ እስኪነጋ ከሌላ ትሰማለች አሉ። አንድ ነገር ብቻ ይጠበቅ፤ አሁን ከሥራ ገብታ እራት ልትበላ ነው፣ ትብላ። ከዛሬ በኋላ ስንት ቀን እህል እንደማትቀምስ ማን ያውቃል? በልታ ስትጨርስ እንገባለን።

ፌናን ከዚያ ንግግር ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ ይዛ ሮጠች። በልታ ስትጨርስ።

እትዬ አሰገደች ትሪያቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ገና ሊቆርሱ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ግቢው ይታያል። የግድግዳው ሰዓት ለሁለት ሃያ ጉዳይ ይላል። ፌናን ሳትጋበዝ ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

«ራበኝ» አለች።

እትዬ አሰገደች ሳቁ፤ እናትሽ ሱቅ ሙሉ ብስኩት ይዛ ታስርብሻለች ወይ ብለው ትሪውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። እንግዳ እየበላ የቤቱ ባለቤት እጁን አይሰበስብም፤ ይህን ወግ ፌናን እስከዛሬ ወግ ብላው አታውቅም ነበር። አሁን ገመድ ሆነላት። እንጀራውን በትንሽ በትንሹ ቆረሰች። አንዱን ጉርሻ እንደ ማስቲካ አላመጠችው። ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው ስልክ ጥሪው ክፍት ነው፤ ሰባት ሰው በዚያ ውስጥ ዱባለን ይጠብቃል።

እትዬ አሰገደች ስለ ቀናቸው አወሩ። ዛሬ ስልሳ አንሶላ ታጥቧል፤ የሠርግ እንግዶች መጥተው ሆቴሉ ሞልቶ ነበር። ዱባለ በምሳ ሰዓት ደውሎ ነበር፤ ብርድ ልብሴ ቀጭን ነው ብሏል።

«ድምፁ ግን ደስ አላለኝም» አሉ። «ጉንፋን ይሁን ሌላ እንጃ። ቆይ እስቲ ልደውልለት።»

እጃቸው ወደ ስልካቸው ሄደ። ያቺ የተረጋጋች ሴትዮ ለእሳቸውም ስልኩ ዝግ ነው ትላቸዋለች። ፌናን ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አፋቸው ድረስ አደረሰችው።

«መጀመሪያ ይቺን።»

ጎረሱ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛውን አስከተለች። ሁለት ያፋቅራል። ሦስተኛውን ስትጠቀልል እትዬ አሰገደች አፋቸው እንደሞላ ዓይን ዓይኗን አዩአት፤ ሦስተኛው ጥርጣሬ ያስገባል።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

«ፈተና ደርሷል» አለች ፌናን። ውሸት አልነበረም።

ፌናን በትከሻዋ ላይ ዞር ብላ አየች፤ ከመጋረጃው ወዲያ ግቢው ውስጥ ነጫጭ ነገር ተንቀሳቀሰ። ገብተዋል። በዝምታ ግድግዳው ሥር ተደርድረው ቆመዋል፤ ትሪውን ያያሉ። ፌናን ጀርባዋን ወደ በሩ አድርጋ መቀመጧን አልወደደችውም፤ ግን እትዬ አሰገደችን ትከልላለች። ሰዓቱ ለሁለት ስድስት ጉዳይ። ትሪው ላይ የቀረው እንጀራ የመዳፍ ያህል ነው። ይጨመር አለች። እትዬ አሰገደች ተነስተው አንድ እንጀራ አመጡላት፤ ልታበዪኝ ነው ወይስ ልትበዪኝ ነው የመጣሽው ብለው ቀለዱ። እስከ አንገቷ ሞልታለች። ቆረሰች። አላመጠች። ውሃ ጠጣች። ደግማ ቆረሰች።

ሁለት ሰዓት ሆነ።

ስልኩ ዝም። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ዱባለ ቀጠሮ አክብሮ አያውቅም፤ እንዴት ይህን ረሳች? ሱሌማን በሹክሹክታ ገና አልገባም ሲል ከጭኗ ላይ ተሰማት፤ ድምፁን በእጇ አፈነችው።

«ማነው የሚያወራው?» አሉ እትዬ አሰገደች። አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ከስልኩ ይልቅ ከፌናን ትከሻ በላይ ወደ መጋረጃው አዩ። ነፋስ ገልጦት ነበር።

ቀስ ብለው ተነሱ። የተዘቀዘቀ ነጠላ ምን እንደሚል ለሚያውቅ ሰው ቃል አያስፈልገውም። ጋሽ ኃይለሚካኤል ከእንግዲህ መጠበቅ እንደማይቻል ገብቷቸው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ሞላ፤ ማንም ግን ጤና ይስጥልኝ አላለም።

«አሰገደች» አሉ ጋሽ ኃይለሚካኤል፣ «እስቲ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም።» ድምፃቸው ደረቅ ነበር። በአንድ እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ፤ ጣቶቻቸው ላይ ወጥ አለ። «ልጄ ነው?»

ፌናን በመሃላቸው ቆመች። አይደለም፣ አይደለም፣ ዱባለ ደህና ነው አለች፤ አንዲት ሴት ከኋላ ክንዷን ያዙና ወደ ጎን ሳቧት። ጋሽ ኃይለሚካኤል አፋቸውን ከፈቱ። ፌናን ማይኩን ከፈተች፣ ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀችው፣ ስልኩን ከራሷ በላይ አነሳችው። ለምን እንደሆነ አታውቅም። ሌላ የሚነሳ ነገር አልነበራትም።

ከስልኩ ውስጥ መጀመሪያ የሄኒ ድምፅ መጣ፤ «ዱባለ ገባህ? ዱባለ፣ ተናገር። ምንም ይሁን ብቻ ተናገር።»

ከዚያ ጎርናና፣ እንቅልፍ የተጫነው ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«ምንድነው የምትጮሁት? ነጋ እንዴ? ማነው ግን እኔን የገደለኝ?»

ክንዷን የያዟት ሴት ለቀቋት። ጋሽ ኃይለሚካኤል አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

እትዬ አሰገደች ስልኩን ከፌናን እጅ ወሰዱት። በሁለት እጃቸው ያዙት፤ እንደ ሞላ ብርጭቆ።

«ዱባለ።»

«እማዬ? አንቺ ደግሞ እዚህ ጨዋታ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ተናገር።»

«ምን ልናገር?»

«ዝም ብለህ ተናገር።»

ዱባለ ግራ ገብቶት ማታ የበላውን መናገር ጀመረ። ሽሮ ነበር፣ ቀጭን ሽሮ፣ ዳቦውም የትናንት ነው፣ ከዚያ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ይዞት ሄደ፣ ለዚያ ነው ሦስት ደቂቃ የዘገየው። እናቱ ቆመው አዳመጡ። በመሃል ተቀመጡ። ሲቀመጡ ማንም አላዘዛቸውም።

ደሪቱ የገባችው ያኔ ነው፤ ብርድ ልብሱን በጀርባዋ እንደተሸከመች። ቤቱን አየች፣ ልጇን አየች፣ ስልኩን የያዙትን እጆች አየች። ጋሽ ኃይለሚካኤል ዞረው ማብራሪያ የሚፈልግ ፊት አሳዩአት። ፌናን እናቷ አንድ ነገር ፈጥራ እንደምትወጣ ጠበቀች፤ ደሪቱ ከባሰ ነገር ወጥታ ታውቃለች።

«የዕድሩን ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ አይደለሁም» አለች ደሪቱ። «ልጄ ናት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ስትደውሉልኝም ሳላውቅ ነው አዎ ያልኳችሁ። የእሷ ስህተት የጣት ነው፤ የእኔ ግን የአፍ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «እስቲ እናያለን» ካሉት አንዱ ነበር። ጋሽ ኃይለሚካኤል ይህ ነገር ለነገው ስብሰባ ይቆይ አሉ፤ ድምፃቸው ግን የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀምረው መሃል ላይ ተዉት። ውጭ ፒክአፗ ወንበሮቿን እንደጫነች ስትዞር ተሰማ።

እትዬ አሰገደች ልጃቸውን መልሰው እንደሚደውሉለት ነግረው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ፌናንን አዩአት። እንዲያ ረጅም ጊዜ አይተዋት አያውቁም።

«ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

«ሰርዤዋለሁ» አለች ፌናን።

«ጣትሽ አይረሳውም። በይው።»

አሥር ሰው ቆሞ ይሰማል፤ እናቷ ብርድ ልብሱን አላወረደችም። ፌናን በቃሏ አለችው። ውድ የዕድራችን አባላት ስትል ደህና ነበረች። ወጣት ዱባለ ማሞ ስትል ወደ ስልኩ አየች። ዘጠኝ ጊዜ እውነቱን፣ ስንት ጊዜ ደግሞ ለሳቅ የጻፈችው ቃል በአፏ ሲመጣ ክብደቱ ሌላ ነበር፤ «በሞት» ላይ ደርሳ ቀረች። የቀረውን መጨረስ አልቻለችም፤ ማንምም ጨርሺ አላላትም።

እትዬ አሰገደች ጣታቸው ላይ የደረቀውን ወጥ በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ጽሑፍሽ ጥሩ ነው» አሉ። «የእኔን ስትጽፊ የአባቴን ስም አስገቢበት። አሰገደች ብቻ ብለሽ እንዳታልፊኝ።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጡ። እትዬ አሰገደች ትሪውን በክንዳቸው ወደ ፌናን ገፉት፤ ያቺ ልታዘገይበት ያስጨመረችው እንጀራ ግማሹ አለ።

«አስቀርበሽኝ አትተዪውም» አሉ። «ቁጭ በይና ጨርሺ።»

ፌናን እስከ አንገቷ ሞልታ ነበር። ቁጭ አለችና ጎረሰች።